አረሙ ያልገባበት ቦታ

የበደለኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የነበረው ሰው ነው። ጊዜው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአረም ዘመቻው ቀን።

ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር የሕዝብ መቃብር አለ። ቅንጨ አረም የሚሉት ነጭ አበባ ያለው መጤ አረም ከመንገድ ሥራው ጠጠር ጋር መጥቶ ቦታውን ወርሮት ነበር። ሴት ልጄ በልጅነቷ የተቀበረችው እዚያ ነው። ድንጋይ አላቆምኩላትም፤ ከጫካ ኮረሪማ አምጥቼ ራስጌዋ ተከልኩ። እዚህ አገር ተወልዶ ኮረሪማ የማያውቅ የለም።

ለዘመቻው የወጡት ከሌላ ክልል የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። አንዷ ኮረሪማው ላይ ጎንበስ ብላ፣ "ይሄም አረም ነው?" ስትል ሊቀመንበሩን ጠየቀችው።

"ሥር ያለው ነገር እንዳይቀር!" አላት።

"አንተ፣ ልጄን አብረኸን ቀብረሃል'ኮ!" አልኩት።

"እትዬ፣ ዛሬ ዘመቻ ነው፤ ለቅሶው ሌላ ቀን።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። ኮረሪማው ተነቀለ። አረሙን ግን ካበበ በኋላ ነቅለው እዚያው ከመሩት፤ ዘሩ መቃብሩ ላይ ረገፈ።

በሚቀጥለው ክረምት ደረት ድረስ ሆኖ ተመለሰ። መቃብሮቹ ጠፉ፤ የልጄም ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ውስጥ እየገባሁ አረሙን በእጄ እየገለጥኩ ፈለግኳት። ክንዴ ተላጠ። ወፍ አይጮኽም፤ ነፋስ ሳይኖር አበባው ይነቀነቃል። አንድ ጠዋት እግሬ ባዶ መሬት ነካ። አንዲት ልጅ ተዘርግታ የምትተኛበትን ያህል ነው። አረሙ ዙሪያውን ቆሟል፤ ወደ ውስጥ አንድም አልገባም። ሰው የጠረገው አይመስልም። ኮረሪማ ሸተተኝ፤ የኮረሪማ ቅጠል ግን አንድም አልነበረም።

ለማንም አልተናገርኩም።

ዘንድሮ ሰውየው አሁን ከሚኖርበት ከዋጫ መጣ። ሥልጣኑ ቀርቷል። የአባቱን መቃብር ፍለጋ ነው፤ ድንጋዩን አረም ውጦታል። የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። እሱ ሲንከራተት ቆይቶ ባዶው ቦታ ላይ ደረሰ።

"እትዬ፣ ይሄ ነው አይደል? እርስዎ ነዎት ያጸዱልኝ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ቦታው ለአባቱ ቁመት እንደሚያጥር አላስተዋለም።

"አዎ" አልኩት።

ተንበረከከ። ግንባሩን አፈሩ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እስኪጨርስ ቆሜ አየሁት። ከዚያ የአባቱን መቃብር ተራምጄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።