«የለኝም» ያልኩበት ጉሮሮ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጌታ ይባረክ! ሽማግሌዎቹ ፈቅደውልኛልና ዛሬ አንድ ነገር ልመሰክር እወዳለሁ። ወንበር አቅርቡልኝ፤ የደከመው ጉልበቴ ነው እንጂ አንደበቴ አይደለም። አንደበቴን ማን እንደመለሰልኝ ልነግራችሁ ነው የተነሳሁት። ሃሌ ሉያ!

ባለፈው ሳምንት ከጸሎት በኋላ የተነሳውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። ከሥራ ለተቀነሱ ሰዎች መንግሥት ስለሚሰጠው ድጎማ ነበር። አንዱ ወንድማችን «ቤታችን ሙሉ ቢሆንም ከተፈቀደ ብንወስድ ምን አለበት?» አለ። ሌላው ተቆጣ፣ ሌላው ደገፈ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም። በጣልያን ጊዜ በዚሁ ጥያቄ ድምፄን ያጣሁ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ስሜ ፈንታ ነው። በጉልማሳነቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በደጀን መንገድ ላይ በነበረው ኬላ ቀራጭ ነበርኩ። ነጋዴው በቅሎውን እየነዳ ገና ከወንዙ ማዶ ሳለ «ጫናህን አውርድ!» እላለሁ፤ በቅሎዋ ከነጋዴው ቀድማ ትቆማለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ነበረኝ። አዋጅ ሲነገር፣ ሠርግ ሲደገስ፣ የሰው ከብት ሲጠፋ የምጠራው እኔ ነበርኩ። በርስቴም በሚስቴም አልኮራም ነበር፤ በጉሮሮዬ ግን እኮራ ነበር።

አብሮኝ ኬላ የሚጠብቅ ገመቹ የሚባል ሰው ነበር፤ ከአባይ ማዶ፣ ከወለጋ የመጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ከአንድ አገልግል በልተናል። ገመቹ ወንጌል አንባቢ ነበር። በጋቢው እጥፋት ትንሽ መጽሐፍ ይይዛል፤ ነጋዴ ሲጠፋ አውጥቶ ያነባል። እኔ «ይኸ ሰውዬ ሳይቀስስ ቄስ ሆነ» እያልኩ አስቅበት ነበር። እሱም አብሮኝ ይስቅና «አያ ፈንታ፣ ላንብብልህ?» ይለኛል። «ለበቅሎዎቹ አንብብላቸው» እለዋለሁ። አንድ ቀን ስመጣ በእውነት ለበቅሎ ሲያነብ አገኘሁት! «ምነው?» ብለው፣ «አንተ አይደለህ ያዘዝከኝ? ደግሞ እሷ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ነው የምትሰማው» አለኝ። እወደው ነበር፣ ወገኖቼ። እየሳቅኩበትም እወደው ነበር።

ጣልያን ገባ። ኬላችንን ዘጋና «ከእንግዲህ አታስፈልጉም» አለን። እኔ ወደ ቤቴ ገባሁ። ቤቴ ስላችሁ፣ ከአባቴ የወረስኩት ርስት አለ፣ ሁለት ጥማድ በሬ አለ፣ ሦስት ጎተራ አለ፤ አንዱ ጤፍ፣ አንዱ ስንዴ፣ አንዱ ባቄላ። የኬላው ሥራ ለእኔ ማዕረግ ነበር። ለገመቹ ግን ጉርሱ ነበር። በአገራችን ርስት የለው፣ ዘመድ የለው። ኬላው ሲዘጋ የእሱ ጓዳ አብሮ ተዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ሕዝቡን ለማባበል ይመስለኛል፣ ጣልያን በገበያ ቀን አዋጅ አስነገረ። በቀድሞው መንግሥት ያገለገሉ፣ ሥራቸው የቀረባቸው፣ መሬትና ጎተራ የሌላቸው ሰዎች በየወሩ አንድ አንድ ጆንያ የፉርኖ ዱቄት ይወስዳሉ ተባለ። «መሬትና ጎተራ የሌላቸው» የሚለውን ጆሮዬ አልሰማም። «ሥራቸው የቀረባቸው» የሚለውን ግን ጥርት አድርጎ ሰማ።

ባለቤቴ የውብዳር የዲማ መሪጌታ ልጅ ናት። ሴት ናትና ቅኔ ቤት አላስገቧትም እንጂ፣ በአባቷ ደጅ ጥጥ ስትፈትል በጆሮዋ የለቀመችው ቅኔ ለብዙ ደብተራ ይተርፋል። ዱቄቱን ልወስድ ነው ስላት እንዝርቷን አቆመች።

«ሦስት ጎተራ እያለን?»

«አሥራ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። የሚገባኝ ነው» አልኳት።

«ያገለገሉት ንጉሡን፤ ካሳውን የሚጠይቁት ጣልያንን?»

«እንዲያውም ከጠላት ቤት አንድ ጆንያ ማጉደል ጀግንነት ነው!»

«ከጠላት ቤት ቢያጎድሉስ ደግ ነበር። ከኋላዎ የሚሰለፈው ሰው ጠላትዎ ነው እንዴ?» አለች። ጆንያዬን ማራገፍ ጀመርኩ። እሷ ግን ስታስቀይም አታውቅምና ፈገግ ብላ፣ «ስምዎ ፈንታ ነው ተብሎ የሰው ፈንታ አይበላም» አለችኝ።

እኔም ሳቅሁና ጆንያዬን ይዤ ሄድኩ።

የሚመዘግበው አስተርጓሚ ከሐማሴን የመጣ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «መሬት?» አለኝ። «የለኝም!» «በሬ?» «የለኝም!» «ጎተራ?» «የለኝም!» በዚያ በቅሎ በሚያቆመው ድምፄ! ሰልፈኛው ሁሉ ዘወር ብሎ አየኝ። ድህነቱን እንደ እኔ በኩራት ያወጀ ሰው በጎጃም አልታየም።

ዱቄቱን የውብዳር በእጇም አልነካችው። ከስንዴው ጎተራ ሥር ተቀመጠ። የሁለተኛው ወር መጣና በላዩ ተደረበ። ልብ በሉልኝ ወገኖቼ፣ አልተበላም! ርቦኝ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። እኔ ግን የማልበላውን ነበር የምሸከመው።

በሦስተኛው ወር ከኋላዬ የቆመው ገመቹ ሆነ። «ጣልያን ፊት ቆሜ አልለምንም» ብሎ ሁለት ወር ቤቱ ተቀምጦ፣ ሲብስበት መምጣቱ ነው። ከሳ ብሎ ነበር። አስተርጓሚው እንደ ወትሮው ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ ወትሮው መለስኩ። በዚያ ቀን ግን ጨመረና «ምስክር አለህ?» አለኝ። ሳላስበው ወደ ገመቹ ጠቆምኩ። ጎተራዎቼን አብሮኝ ጭቃ የመረገውን ሰው!

«እውነት ይኸ ሰው ምንም የለውም?» ሲለው፣ ገመቹ መሬት መሬት አየ። ቆይቶ፣ «ያለውን የሚያውቀው እሱ ነው» አለ። አልዋሸም፤ አላጋለጠኝምም። የመጨረሻው ጆንያ ለእኔ ተሰጠ፤ ዱቄቱ አለቀ። ገመቹ ባዶ ጆንያውን አጥፎ በብብቱ ያዘና «ደህና ዋል አያ ፈንታ፤ የውብዳርን ሰላም በልልኝ» ብሎኝ ሄደ። ምነው በሰደበኝ!

ቤት ስገባ የውብዳር «ገመቹን ሰልፉ ላይ አዩት?» አለችኝ። «አላየሁትም» ልል አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። ጉሮሮዬን ጠርጌ ደግሜ ሞከርኩ። ንፋስ ብቻ ወጣ። ውሸቷ እዚያው ጉሮሮዬ ላይ ቀረች፤ እውነቱንም አብራ ዘግታ ያዘችው።

ማር በዝንጅብል ጠጣሁ። ጠበል ተጠመቅኩ። ያልታሸሁት ቅጠል የለም። በሬዎቹን ስጠራ አጨበጭባለሁ፤ ቀና ብለው አይተውኝ ሣራቸውን ይግጣሉ። የውብዳር መጀመሪያ ላይ «ተመስገን፣ ቤቴ ሰላም ሆነ» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ አየኋት። እጄን ይዛ ወደ ጣልያኑ ሐኪም ወሰደችኝ።

ሐኪሙ አፌን አስከፍቶ በመስታወት አየ፣ አንገቴን ዳበሰ፣ በቋንቋው ተናገረ። የሚያስተረጉመው ያው የሰልፉ አስተርጓሚ ነበር። «ሐኪሙ እንዲህ ይላል» አለኝ፤ «ምንም የለህም።»

«የለብህም» ማለቱ ነበር፣ ወገኖቼ! በሽታ የለብህም ሊል ነው። አማርኛው የእኛ አገር አማርኛ አልነበረምና ሳተው። በእኔ ላይ ግን አልሳተም። ሦስት ወር ሙሉ «የለኝም» ስል የጻፈው ሰው ፊቴ ቆሞ «የለህም» አለኝ። ሦስት ጎተራ ያለኝ ሰውዬ፣ ሚስቴ አጠገቤ ቆማ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አስተርጓሚው ደንግጦ፣ «ደህና ነህ እኮ ነው የሚልህ!» ይለኛል። ስሙ ይክበር! እግዚአብሔር በተሳሳተ አማርኛም ይናገራል!

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ጆንያ በአህያ ጭኜ ገመቹ ቤት ሄድኩ። እሱና ሚስቱ ጨው የሌለው ቅቅል ጎመን ይበላሉ። መናገር አልቻልኩም፤ ወደ ጆንያዎቹ ጠቆምኩ፣ ወደ ራሴ ጠቆምኩ፣ ደረቴን ደቃሁ። ገመቹ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና ምን አለ መሰላችሁ? «አውቃለሁ፣ አያ ፈንታ። ያን ቀንም አውቅ ነበር። ተቀመጥና ብላ፣ ይቀዘቅዛል።» ከዚያ ጎመን በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም፤ እንደዚያ ያነቀኝም የለም።

ከበላን በኋላ እጁን ጉሮሮዬ ላይ ጭኖ ጸለየ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ እያለቀሰ ጸለየልኝ። እዚያው የተፈወስኩ መስሏችሁ አሜን ልትሉ ነው አይደል? ቆዩ። አልተፈወስኩም! ድምፄ አልወጣም። ገመቹ እጁን ከጉሮሮዬ አነሳና፣ «ዱቄቱን ለእኔ መለስክልኝ፤ አመሰግናለሁ። «የለኝም» የሚለውን ቃል ግን የተናገርከው ለእኔ አይደለም፤ እዚያ ሰልፉ ፊት ነው» አለኝ።

ፈራሁ። ዋሽቶ የወሰደ እንደሚገረፍ ተነግሯል። ደግሞ ጎተራ አለኝ ካልኩ ጣልያን ለወታደሮቹ ቀለብ ብሎ ጠራርጎ ሊወስደው ይችላል። ቤቴ ሄጄ በእጄ ምልክት ይህን ሁሉ ለየውብዳር ነገርኳት። ወደ ጎተራዎቹ አየች፤ ወደ እኔ አየች። «ይውሰዱት» አለች። «ጎተራው ባዶ ሆኖ እርስዎ ቢያናግሩኝ ይሻለኛል።»

በዱቄቱ ቀን ተሰለፍኩ። ገመቹ ከኋላዬ ነበር። ተራዬ ደረሰ። አስተርጓሚው ቀና ሳይል «መሬት?» አለ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። «በሬ?» አለ። ምንም። «ጎተራ?» ሲል ገመቹ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

«አለኝ!»

ሃሌ ሉያ! ያ በቅሎ የሚያቆመው ድምፅ! አህዮች በረገጉ፣ አስተርጓሚው ብዕሩን ጣለ። «አለኝ! ጎተራ አለኝ፣ ሦስት! በሬ አለኝ! ርስት አለኝ! ዋሽቼ ነው የወሰድኩት፣ የዚህን ሰው ድርሻ ነው የወሰድኩት!» አንዴ ከወጣ ማን ያቁመው?

አስተርጓሚው ስሜን ሰረዘ። ገመቹን ጠየቀውና በእኔ ቦታ ጻፈው። የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ «በፈንታ ፈንታ፣ ገመቹ» አለ፤ ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ፣ እሱም ጢሙን ይዞ ሳቀ። ጣልያኑ ሹም ግን አልሳቀም። አሥራ አምስት ቀን ለመንገድ ሥራ ድንጋይ እንድሸከም ፈረደብኝ፤ የስንዴውን ጎተራም ወሰዱት። ይውሰዱት! ስንዴው ቢሄድ ጉሮሮዬ ቀርቶልኛል።

በእነዚያ አሥራ አምስት ቀናት የውብዳር ምሳ ትልካለች፣ ገመቹ ያመጣል። እየበላሁ ያነብልኛል። አሥራ ሁለት ዓመት «ለበቅሎ አንብብ» ስለው የኖርኩት ሰው፣ እንደ በቅሎ ተጭኜ ስውል ለእኔ አነበበልኝ። እንደ እኔ ቀራጭ ስለነበረ፣ ሕዝብ ስለጠላው፣ ጌታ ግን ቤቱ ሊገባ ስለፈለገው አንድ አጭር ሰው አነበበልኝ። ያ ሰው ጌታ ቤቱ ሲገባ ያለውን አልደበቀም፤ አውጥቶ ሰጠ። «ገመቹ፣ የእኔም ቤት ይገባል?» አልኩት። «አንተ ብቻ የለሁም አትበለው» አለኝ። እዚያው የድንጋዩ ክምር ላይ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ተመስገን!

ቤቴ ስመለስ ገና ከአጥሩ ውጭ «የውብዳር! ጌታ አለኝ!» እያልኩ ጮህኩ። እሷ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ግን የመሪጌታ ልጅ አይደለች? «ጠብቆ ነው ላልቶ?» አለችኝ። «ከጠበቀ ጌታ የእርስዎ ነው ማለት ነው። ከላላ ደግሞ ጌታ ነግሮዎታል። የትኛው ነው?» እኔ ያልተማርኩት ሰው መልስ አጣሁና አቅፌያት አለቀስኩ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ስለ ድጎማው ተከራክራችኋል። ሕግ አላወጣላችሁም፤ የማውቀው አንድ ጉሮሮ ብቻ ነው። የሌለህ ወንድሜ፣ እንደ ገመቹ ሁለት ወር አፍረህ አትቀመጥ። ውጣና «የለኝም» በል፤ እውነት ስለሆነ አያንቅህም። ያለህ ወንድሜ ግን፣ እባክህ፣ ከኋላህ ማን እንደቆመ ዞር ብለህ እይ። እያየህ «አለኝ» በል። ጎተራዬ ይጎድልብኛል ብለህ አትፍራ። ይህን ጌታ እመነው፤ ይችለዋል።

ገመቹ ወደ ጌታው ከሄደ ቆይቷል። የቀበርነው በርስቴ ላይ በሰጠሁት መሬት ነው፤ ርስት የለውም ያልኳችሁ ሰው ከእኔ ርስት ውስጥ ደህና አድርጎ ተኝቷል። የውብዳር ደግሞ ያቻትላችሁ፣ በሩ አጠገብ። እሷ ዛሬም በአባቷ ሃይማኖት ናት፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኗን ስማ ነው የመጣችው። የመጣችውም እንዳልዋሽ ልትጠብቀኝ ነው። እዩአት፣ ትስቃለች! አሁን ቤት ስንገባ እንደ ሁልጊዜው ትጠይቀኛለች፤ «ጠብቆ ነው ላልቶ?» ትለኛለች።

ያኔ መልስ አጥቼ ነበር። ዛሬ በእናንተ ፊት ልመልስላት። የውብዳር፣ አስቀድሞ ላላ፤ ከዚያ ጠበቀ። ጌታ አለኝ።