ልብስ ጠባቂዋ እትዬ

በሐይቁ ምርምር ተቋም ተማሪ ሳለሁ፣ በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ሠራተኞችና ተማሪዎች በዋና እንወዳደር ነበር። በላብራቶሪው የናሙና ጠርሙስ የሚያጥቡት ሴትዮ ያን ዕለት ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ መጥተው ጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ልብሳችንን እየተቀበሉ አጣጥፈው ይደረድራሉ፤ ዓይናቸው ግን ከውሃው አይነቀልም። አንዱ ዋናተኛ ሲደክም የእሳቸውም ትከሻ አብሮት ይንቀሳቀሳል።

ጡረታ በሚወጡበት ዓመት እንደ ልማዴ ሸሚዜን ላቀብላቸው ስል ጋዋናቸውን አውልቀው እጄ ላይ ጣል አደረጉት። ከሥር ጥቁር የዋና ልብስ ለብሰዋል።

"ዛሬ ደግሞ አንተ ጠብቅልኝ" አሉኝ።

ሳቃችንን ሳንጨርስ ውሃው ውስጥ ገቡ። ዋናቸው የተረጋጋ፣ የማይቸኩል ነበር። ከሁሉም ኋላ ደረሱ፤ ያጨበጨብነው ግን ለእሳቸው ነው።

"እትዬ፣ እንዲህ እየቻሉ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ዳር ተቀምጠው የኖሩት?" አልኳቸው።

ፀጉራቸውን እየጨመቁ፣ "አባቴ ሴት ልጅ ውሃ ዳር እንዳላይ የሚል ሰው ነበር፤ ባሌም ከሱ አይሻልም" አሉ።

"ታዲያ ማን አስተማረዎት?"

"እናቴ ናታ። አባቴ መንገድ በሄደ ቁጥር" አሉና እንደ ልጃገረድ ሳቁ።

ፎጣ ይዤ ስመለስ ብቻቸውን እንደገና ገብተዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው በጀርባቸው ተንሳፍፈዋል። ከእኛ መካከል "መሽቷል፣ እንሂድ" ብሎ የጠራቸው ሰው አልነበረም።