ዙም የሌለው ሌንስ

ምንይሉ ሰቆጣ ውስጥ ፎቶ ቤት ከከፈተ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔ ከጎኑ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፤ የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ስለሆነ ሲያስነጥሰው "ይማርህ" የምለው እኔ ነኝ። ለመታወቂያና ለፈተና ምዝገባ ጉርድ ፎቶ ያነሣል። ሰው ሲሞት ደግሞ የሟቹን ጉርድ አሳድጎ ፍሬም ውስጥ ያስገባል። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ታቅፎ ይለቀሳልና ከአጎራባቾቹ ወረዳዎች ከፃግብጂም ከጋዝጊብላም ሰዎች በእግራቸው ይመጡለታል። ከአሮጌ መታወቂያ ላይ የተወሰደ ፊት ሲያድግ ግን ማኅተሙም አብሮ ያድጋል፤ የጎረቤታችንን የመንግሥቴን እናት ግንባራቸው ላይ ካረፈው ማኅተም ጋር አልቅሰናቸዋል። ምንይሉ በዚህ ሥራው ያፍር ነበር። "ሰው በቁሙ አንድ ደህና ፎቶ ይኑረው" ይላል ሁልጊዜ።

የገዛ አባቱ ግን አንድም አልነበራቸውም። ቄስ አሥራተ ማርያም ደሃና ውስጥ የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ሰው ነበሩ፤ መታወቂያ እንኳ ሳያወጡ ሰባውን አለፉ። ልጃቸው ካሜራውን ባነሣ ቁጥር ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። "ፎቶ ከሣጥን የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው፤ ምን አስቸኮለህ?" ይሉታል። በስልክ በስርቆሽ ሊያነሣቸው የሞከረ ሁሉ ያገኘው ነጠላ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ምንይሉ ከአዲስ አበባ አንዲት ሌንስ አስመጣ። አጭር ናት፣ ከሻይ ብርጭቆ ታንሳለች።

"ዙም የላትም" አለኝ ደስ ብሎት።

"ታዲያ ምን ትሠራልሃለች?"

"ማቅረብ ስትፈልግ በእግርህ ትጠጋለህ። ፊቱን ግን ጥርት አድርጋ፣ ከኋላ ያለውን ሁሉ ታደበዝዝልሃለች።"

ከወንበሩ መነሣት የማይወድ ሰው በእግር የምትሠራ ሌንስ ገዛ ብዬ ሳቅሁበት።

ገና ማንንም ሳያነሣባት፣ በገበያ ቀን፣ ቄስ አሥራተ ማርያም ከች አሉ። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙና፣ "በል ልጄ፣ አንሣኝ" አሉት።

ዕድሜ ልኩን እምቢ ያለ ሰው ዛሬ ምን ነካው ብሎ የጠየቀ የለም። ምንይሉ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው፤ እኔም እንኳን ደስ አለህ ስል ነበርሁ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ልብሳቸው እንኳ ሰፍቷቸው ነበር። ዓይን እያለን አላየንም።

በረንዳው ላይ አስቀመጣቸው። "አንዴ ብቻ ነው፤ መንገዴ ሩቅ ነው" አሉ። ምንይሉ በለመደው ቦታ ቆሞ ቢመለከት አባቱ በጣም አነሱበት። ጣቱ እንደ ልማዱ ዙም ፍለጋ ሄደ፤ ዙም የለም። ትዝ ሲለው ካሜራዋን ፊቱ ላይ እንዳደረገ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ እያለ ወደ አባቱ ተጠጋ።

አንገቱን ደፍቶ የሚጠጋ ሰው ሲመጣ ቄስ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። አባቱ ከነጠላቸው ውስጥ የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው ዘረጉለት፤ በአገውኛም አንዲት ቃል ተናገሩ። እኔ ቋንቋውን አልሰማምና አለፈኝ። ምንይሉ የካሜራዋን ቁልፍ ተጫነ። "አገኘኋት!" ብሎ ወደ እኔ ዞረና ፎቶውን በካሜራዋ ትንሽ መስኮት አሳየኝ፤ እውነትም ያማረ መሰለን። ቄሱ መስቀሉን ጥቂት ዘርግተው ቆዩና ወደ ነጠላቸው መለሱት። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንሥተው ሄዱ።

ፎቶው ሳይታጠብ ሰነበተ። የተማሪው ምዝገባ ስለነበር ምንይሉ "ለገና አሳድጌ እወስድላቸዋለሁ" እያለ አቆየው። በሃያኛው ቀን እህቱ ወለተ ሰንበት ከደሃና ደወለች። ሄዶ አባቱን ቀበረና ተመለሰ፤ ለአርባቸው ፎቶውን ሊያሳድግ ኮምፒውተሩን ከፈተ። በቆርቆሮው በኩል የሰማሁት ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ሮጬ ገባሁ።

መስቀሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል። የታሰረበት ጨርቅ ክሩ፣ የእንጨቱ ስንጥቅ፣ የምእመን ከንፈር ያለሰለሰው ጠርዙ ሳይቀር ይታያል። ከኋላው ያለው ፊት ግን ጭጋግ ነው። ጢሙ ይለያል፤ ዓይኑ አይለይም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ያቺ ሌንስ መጀመሪያ ያገኘችውን መስቀል ይዛ አባቱን ለቀቀቻቸው።

ሌላ ፎቶ ስላልነበረ ያንኑ አሳድጎ ይዞ ሄደ፤ እኔም አብሬው ደሃና ሄድሁ። ተዝካሩ ላይ ፍሬሙን ታቅፎ ከሕዝቡ ፊት ቆመ። ወለተ ሰንበት አየችና፣ "አባቴን የት አደረግኸው? ፊቱ የታለ?" ብላ ደረቷን መታች። ያኔ ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሮጊት ወደ ፍሬሙ ቀረቡ። ፊት አልፈለጉም፤ ጎንበስ ብለው መስቀሉን ተሳለሙት። ከኋላቸው የነበሩት ተከተሏቸው፤ በመጨረሻ ወለተ ሰንበትም ተሳለመች። መስታወቱ በእንባና በከንፈር ረጠበ። እኔም በተራዬ ተሳለምሁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "ያን ቀን በአገውኛ ምን ነበር ያሉህ?" ብዬ ጠየቅሁት።

ብዙ መንገድ ሄድን። ፍሬሙን በጋቢው ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል።

"'ና' ነው ያሉኝ" አለ በኋላ። "ልሳለም የመጣሁ መስሏቸው። ዛሬም አገር ሁሉ ሲሳለም እኔ አልተሳለምሁም። ፍሬሙን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ ወደ እኔ የዞረው ጀርባው ነው።"