እማ፣ ምንም አልሠራም በይ

እኅቴ ካርቱም ላይ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ባሏ ሱቅ ውሎ ስለሚያመሽ የሚያርሳት ሰው አልነበረም። እናታችንን ከመካነ ብርሃን አምጥቼ ጎንደር ካለው የሱዳን ቪዛ ቢሮ አቀረብኋት። ደጅ የሚውሉት ጎረምሶች አስቀድመው መክረውኛል፤ ለዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው የሥራ ነገር ካነሣ ቪዛ አያገኝም።

«እማ፣ ጸሐፊው ምን ልትሠሪ ነው ካለሽ፣ ምንም በይ» ብዬ ሦስት ቀን አስጠናኋት።

ጸሐፊው የአገራችን ሰው ነው። «ልጅዎ አራስ ናት። ሄደው ምን ይሠራሉ?» አላት።

«ምንም።»

«ገንፎ አያገነፉላትም?»

ወደ እኔ አየች። «ምንም።»

«ልጁንስ አያዝሉም?»

«ኧረ ምንም፣ ጌታዬ!»

ብዕሩን አስቀመጠ። «አራስ ልጇ ዘንድ ሄዳ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ የየት አገር እናት ናት? እርስዎ እናቷ አይደሉም። ለገረድነት ነው የሚሄዱት።» ፓስፖርቷን ወደ ጎን ገፋው።

እናቴ ብድግ አለች። «ምነው ልጄ! እኔ ነኝ እናቷ ያልሆንሁ? ገንፎዋን አገነፋለሁ፣ ገላዋን አጥባለሁ፣ ልጇን በአንቀልባ አዝላለሁ! ክርስትና እስኪነሣ እግሯን መሬት አላስነካትም!»

«እንዲህ ይበሉ እንጂ! የተከለከለው የደመወዝ ሥራ ነው» ብሎ ማኅተሙን መታላት። እኔ እፎይ ልል ስል ቀና አለ። «ምንም በይ ያለዎት ማነው? ሴቱ ሁሉ ይህንኑ ቃል አጥንቶ ነው የሚመጣው። ደላላውን ስንፈልግ ከረምን።»

እናቴ ላንድ አፍታ እንኳ አላመነታችም፤ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

ዘበኛው በሩን ከውስጥ ቆለፈው።