ልጄን በእግሩ ያስኬዱት እማማ ሶሬቲ

የነሐሴ ዝናብ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ንጋት ላይ አባርቶ ነበር፤ ሰማዩ ግን ገና እንደጠቆረ ነው። ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የእኛ መንገድ ገሚሱ ኮብልስቶን፣ ገሚሱ ጭቃ ነው። እማማ ሶሬቲ ልጄን ብሩኬን አዝለው ወደ ሕፃናት ማቆያው ሲወስዱት ጭቃው አዳለጣቸው። ወደ ኋላ ቢወድቁ ልጁ ከሥር ይሆን ነበር። እሳቸው ራሳቸውን ወደ ፊት ጥለው በጉልበታቸውና በእጃቸው ወደቁ። ብሩኬ ምንም አልሆነም። የእሳቸው ወገብ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ወገብ አልሆነም። ጤና ጣቢያ ያየቻቸው ሐኪም፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ ልጅ ማዘልም እንዲቀርባቸው ነገረቻቸው።

እማማ ሶሬቲ አከራዬ ናቸው። ወላጆቻቸው ያርሱት የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅና መጋዘን ሆኗል፤ ለእሳቸው የቀራቸው ግቢው፣ ለኪራይ የሠሯቸው ክፍሎችና ጓሮ የሚያልቧቸው ሁለት ላሞች ናቸው። እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው። ሰርቪሱ ሳይነጋ ያልፋል፤ ማቆያው የሚከፈተው ደግሞ እኔ ማሽኑ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። የብሩኬ አባት ትቶን ሄዷል፤ ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም። ልጄን ማቆያ የሚያደርሱልኝ እማማ ሶሬቲ ነበሩ። እኔ ለምኛቸው አይደለም፤ አንድ ቀን ስቸገር አይተው ራሳቸው የጀመሩት ነገር ነው።

ብሩኬ ሁለት ዓመት አልፎታል። እግሩ ጤነኛ ነው፤ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያባርር የሚደርስበት የለም። ከበር ሲወጣ ግን ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «እዘዪኝ» ነው። ካላዘሉት መሬት ላይ ዘፍ ይላል።

ሸዋ ሮቢት ያለችው እናቴ የእማማን መውደቅ ስትሰማ፣ «ለእንቁጣጣሽ እስጢፋኖስ አንቺ ጋ ሲመጣ ልጁን ይዞልኝ ይመለስ» አለችኝ። እስጢፋኖስ ወንድሜ ነው። ልጁ አንዴ ከሄደ እንግዲህ በዓመት አንዴ ፈቃድ ሲሰጠኝ ማየት ነው። እሺ አልኳት። ብዙ ነገር እሺ እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት።

ይህንኑ ለእማማ ስነግራቸው ላም እያለቡ ነበር።

«ማን ፈቅዶ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ወገብዎ እንደሆነ…»

«የተጎዳው የእኔ ወገብ ነው፤ የእሱ እግር ምን ሆነ? በእግሩ ይሄዳል።»

«እምቢ ይላል እኮ እማማ።»

«እስኪ እንቁጣጣሽ ይድረስ» ብለው ማለባቸውን ቀጠሉ።

መጀመሪያ እጁን ይዘው ሞከሩ። ሲጎትቱት ይቀመጣል፤ ሲያባብሉት ያለቅሳል። ሰፈራችን ደግሞ ሕፃን መንገድ ላይ ሲያለቅስ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለበትም። አንዷ መጥታ፣ «ምነው እማማ፣ አቅም ካነሰዎት እኛ የለንም እንዴ?» ትልና አንስታ ታቅፈዋለች። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ወጋየሁ አጠገባቸው ሲደርስ ይቆምና፣ «ባጃጅ እያለ ልጅ ይቀጣል?» ብሎ ያለ ሒሳብ ይጭነዋል። ልጁ ይህን ስለለመደ የባጃጅ ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ መቀመጥ ጀመረ። ሰፈሩ ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ልጄን ሊያስወስድብኝ ነበር። ወጋየሁ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ያቺ ሴትዮም ሁልጊዜ አትመጣም።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡ ሴቶች ጠሩኝ።

«አከራይሽ ምን ነካቸው?» አለች አንደኛዋ። «በልጅሽ ሲነዱ አየናቸው።»

«በልጄ ምን?»

«ሲነዱ ነዋ። እንደ ላም።»

ሌሎቹ ሳቁ። ቤት ደርሼ እማማን ብጠይቃቸው፣ «ጥጃን በገመድ ከጎተትሽው አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል። ይሄንን የማውቅ ሴትዮ ልጁን ስጎትት ሰነበትኩ» ብለው ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ነገሩን በዓይኔ ያየሁት ለበዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። እስጢፋኖስ መጥቶ ስለነበር የአንድ ቀን ፈቃድ ለምኜ ቤት ዋልኩ። ጠዋት እማማ በር ላይ ቆመው መቀነታቸውን ፈቱና አንዱን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠምጥመው ሌላውን ለብሩኬ አስያዙት። በሌላው እጁ ቀጭን አርጩሜ ሰጡት።

«ላሟን ብታጠፋት አንተን ነው የምጠይቅህ» አሉት።

«ሃይ!» አለ ልጄ።

እማማ ሶሬቲ ጎንበስ ብለው ፊት ፊት ሄዱ፤ እሱ በአጥር በኩል ከኋላ ተከተላቸው። እኔና እስጢፋኖስ ራቅ ብለን እናያለን። እኚህ ትልቅ ሴት፣ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሰው የሚነሳላቸው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በሕፃን አርጩሜ እየተነዱ ሄዱ። የሚስቅ ሳቀ። እሳቸው አጥር ሥር የበቀለ ሣር ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው የሚግጡ መሰሉ፤ ልጁም አብሮ አረፈ።

ወጋየሁ መጥቶ ባጃጁን አቆመ። «ብሩኬ፣ ና ግባ።»

ልጁ ባጃጁን አየ፤ እማማን አየ። «ላሜስ?»

«ላም ባጃጅ ላይ አትወጣም።»

«አልገባም» ብሎ ጎማውን በአርጩሜ መታው።

«እሺ ጌታዬ» አለ ወጋየሁ እየሳቀ። «እማማ፣ እረኛዎ ኃይለኛ ነው።»

«አንተም ጡሩምባህን አታንባርቅብኝ። እደነብራለሁ።»

ጭቃው ጋ ስንደርስ እስጢፋኖስ አላስችል አለውና ሮጦ ልጁን አነሳው። ብሩኬ ጮኸ። «ላሜ ትጠፋለች!» እያለ በእግሩ ሲራገጥ ወንድሜ መልሶ አወረደው። እማማ ደረቁን እየመረጡ ረገጡ፤ እሱም እሳቸው በረገጡበት እየረገጠ ተሻገረ።

መንገዱ ሊገባደድ ሲል ልጁ ደከመው። እማማ ይህን አይተው፣ «ላሟ ደክሟታል» ብለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ጎናቸው ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ዕረፍቱ ሰለቸውና «ተነሺ! ሃይ!» አላቸው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ሲነሱ ፊታቸውን አየሁት። ሕመሙ ፊታቸው ላይ ነበር።

ማቆያው በር ላይ ብሩኬ መቀነቱን መለሰላቸውና ሮጦ ገባ።

ስንመለስ እስጢፋኖስ አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ እኔ ልጁን ልወስደው ነበር የመጣሁት» አላቸው።

«አውቃለሁ። እረኛዬን ከወሰድክ እኔን ማን ይመልሰኛል?»

ወንድሜ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳውም። በዓሉን ከእኛ ጋር ውሎ ብቻውን ሄደ። ለእናቴም ልጁ በእግሩ እየሄደ መሆኑን ራሱ ነገራት።

መስከረም አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ብሩኬ አርጩሜውን ረሳው፤ ፊት ፊት እየሮጠ እማማን «ቶሎ በይ» ማለት ጀመረ። እኔ ለእሳቸው የከፈልኳቸው ነገር የለም። ብከፍላቸውም አይቀበሉኝም ነበር።

ብሩኬ አሁን መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል፤ የሚያድረውም ከእኔ ጋር ነው። እማማ ሶሬቲ ወገባቸው ስላልተሻላቸው ላሞቹን ሸጠው ፉሪ ያለችው ትልቋ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ።