ሰማንያ ኪሎ የምትመዝነው አይጥ

ኦቲልያ በሕይወቷ አይጥ አሳድጋ አታውቅም፤ ብታይም ወንበር ላይ ወጥታ ነው የምትጮኸው። በሥራዋ ግን ሰማንያ ኪሎ የምትመዝን አይጥ አለቻት።

ሥራዋ እንዲህ ነው። በኢንተርኔት የሚነግዱ ሱቆች በካርድ ክፍያ መቀበል ሲፈልጉ እሷ ለተቀጠረችበት ድርጅት ያመለክታሉ። ኦቲልያ ካሊ ከተማ፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ትመረምራቸውና «ይለፍ» ወይም «ይዘጋ» ትላለች። የእሷ ድርሻ የምርምር ኬሚካል እንሸጣለን የሚሉት ናቸው። ሁሉም ብልቃጡ ላይ «ለምርምር ብቻ፣ ለሰው አይደለም» ብለው ይለጥፋሉ፤ ለጥፈው ሲያበቁ ለጂም ጎረምሳ ይቸበችባሉ። ዓይን አውጣ ሁላ! ስለዚህ ደንበኛ መስላ ትጽፍላቸዋለች፦ «አይጤ ሰማንያ ኪሎ ናት፣ ጂም ትሠራለች። ስንት ልውጋት?» እውነተኛው ሻጭ ይቆጣል። አጭበርባሪው መጠኑን ይነግራታል፤ አንዱማ «አይጥዎ ደም ግፊት ካለባት ቡና ትቀንስ» ብሎ መክሯታል።

ይህን ዘዴ ያመጣችው ከሁለት ዓመት በፊት ወረቀቱ የተሟላለትን አንድ ሱቅ ካሳለፈች በኋላ ነው። ከጎረቤት ከተማ ከፓልሚራ የሆነች አንዲት ልጅ፣ ገና ሃያ ዓመቷ፣ ከዚያ ሱቅ የገዛችውን ተወግታ ሞተች። እናትየዋ ያኔ ኦቲልያ ትሠራበት የነበረው ቢሮ ድረስ መጥታ ኦቲልያን አልሰደበቻትም፤ የልጇን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣላት ሄደች። ስድብ በስንት ጣዕሙ።

ማክሰኞ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። የቆመው ፋበር ነው፤ የአይጧን ጥያቄ በደስታ የመለሰላት ሱቅ ባለቤት። ስለ ሱቁ ያላትን ውሳኔ እስከ እኩለ ቀን ለኔስቶር፣ ለሥራ ባልደረባዋ፣ በስልክ መንገር ነበረባት። አድራሻዋን ማን እንደሰጠው እግዜር ይወቀው።

«እንደምን አደሩ ዶኛ ኦቲልያ፣» ብሎ፣ ወይዘሮ ማለቱ ነው፣ በጡጫ አፏን መታት።

ወደቀች። በፀጉሯ ጎትቶ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ከቦርሳው መዶሻ አወጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ቀኝ እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ያኑሩልኝ።»

«ልጄ፣ የምትሸጠው ሰው ይገድላል።»

«እርስዎ ብቻ ይለፍ ይበሉ፣ ዶኛ።»

«አልልም።»

መዶሻው አመልካች ጣቷ ላይ አረፈ። ጮኸች፤ አፏን በኩሽና ጨርቅ ጠቀጠቀው። ቀጥሎ የመሃል ጣቷን ሰበረ። የቁርሷን ዳቦ አንስቶ እየበላ ትንሽ አረፈና ሦስተኛውን ደገመ። ወለሉ በደም ራሰ፣ እሷም በፍርሃት ሸናች። አንድ ጊዜም ቢሆን «አንቺ» አላላትም።

«ግራዎንም ያምጡ።»

ያኔ ጨርቁ ውስጥ አቃሰተች፤ እሺ ማለቷ ነበር። ጨርቁን ከአፏ አውጥቶ፣ በነገረችው ቁጥር ደውሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘላት።

«ኔስቶር፣ የፋበር ሱቅ ይለፍ፣» አለች። ከቢሮ አምጥታ የሰቀለችው የፓልሚራዋ ልጅ ፎቶ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ዓይኗ ከዚያ አልነቀል አለ። «አይጧም ሰማንያ ኪሎ ናት።»

እነሱ ቢሮ ይህ ማለት «ለሰው ነው የሚሸጡት» ማለት ነው።

«ስንት ኪሎ አልሽ?» አለ ኔስቶር።

«ሰማንያ።»

«ቤት ነሽ?»

«ቤት ነኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ፋበር የሥራቸውን ቋንቋ ከየት ያውቀዋል? ካሊ ውስጥ ግን አይጥ ማለት ሌባ ማለት ነው፤ የሰማው ያንን ነው። እሱ የሚመዝነው ደግሞ ወደ ሰማንያ ኪሎ ነበር።

«ማንን ነው አይጥ ያልሽው?» አለ። እርስዎ፣ ዶኛ፣ ይቅርታ፣ ሁሉም ብን ብሎ ጠፋ። «እኔ ነኝ ሌባ? ግብር የምከፍለው ነጋዴ?» ከወንበሩ ገፍትሮ ጣላትና ጎኗን፣ ጀርባዋን፣ ፊቷን በጫማው ረገጣት። እስኪደክመው ረገጣት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው።

ኔስቶር የጠራው ፖሊስ ሲደርስ ሰውየው በሞተር ሳይክሉ ካመለጠ ቆይቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሱቁን ግን ኔስቶር ስልኩ በተዘጋ በደቂቃ ውስጥ ዘግቶት ነበር።

ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብለሽ ይለፍ አትይም? ሰውየው ሲሄድ ደውለሽ ብትነግሪኝ እዘጋው አልነበር?»

«ባልደውልስ? ገድሎኝ ቢሄድስ?» አለች በተሰበረ መንጋጋዋ። «ሱቁ ክፍት ቀረ ማለት እኮ ነው።»

በወሩ ሥራዋን ስትጀምር መጀመሪያ የደረሳት ማመልከቻ ስሙ አዲስ ነበር፤ የብልቃጦቹ ፎቶ ግን ያው የፋበር ነው። ኦቲልያ በግራ እጇ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች ጻፈች፦

«አይጤ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ናት። ሦስት ጣቶቿን በመዶሻ ሰብረውባታል። ለሕመሟ ምን ልስጣት?»

መልሱ በአሥር ደቂቃ መጣ። «ውድ ደንበኛችን፣ አይጥዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ፍሬ፣ ከምግብ በኋላ ይስጧት።»

ሁለት ጊዜ አነበበችውና በግራ እጇ «ይዘጋ»ን ተጫነች።