በሙሽራዋ ላይ ያላከክሁት ፍሪሲዮን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ሰክሬ መጣላቴን፣ ሰው ማስቀየሜን አንድ ሳላስቀር እናገርና እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ።

በንጉሡ ዘመን ደብረ ማርቆስ ውስጥ መካኒክ ነበርሁ። ተራ መካኒክ ግን አልነበርሁም፤ ይህን ስናገር ዛሬም አላፍርም። የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰምቼ ምኑን እንዳመመው እናገር ነበር። ደመላሽ የሚባል የባለርስት ልጅ ቀይ የውድድር መኪና ነበረችው፤ በአገራችን እንደሷ ያለች አልነበረችም። የአዲስ አበባ ሾፌሮችን ቀድሞ ሲመለስ ሰው እሱን በትከሻው ይሸከም ነበር። እኔ ግን ዳር ቆሜ፣ ድሉ የእኔ እጅ ሥራ መሆኑን እያሰብሁ እኩራራ ነበር።

ደመላሽ ሊያገባ ሽር ጉድ ሲል የመኪናዋ ፍሪሲዮን አለቀ። ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከጎማው ጋር የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ነው፤ ሾፌሩ በግራ እግሩ ያዝዘዋል። ከአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት አስመጣን። አንዱ ለስላሳ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚይዝ በዝግታ ለመሄድ ይመቻል። ሌላው የውድድር ነው፤ ወይ ይነክሳል ወይ ይለቃል፣ መሃል የለውም።

ደመላሽ፣ "አዲሱ፣ ለስላሳውን ግጠምልኝ። ሙሽራ ነው የምንጭንባት። ውድድሩም ከእንግዲህ በቃኝ" አለኝ።

እኔ ያችን መኪና የገበያ አህያ ላደርጋት? "ለስላሳው ጥርሱ አይገጥምም" አልሁት። ዋሸሁ፤ ይገጥም ነበር። የውድድሩን ገጠምሁና ወደ አምበር ከተማ በሚወስደው መንገድ ሞከርኋት። ገና እግሬን ሳነሳ ተወረወረች። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ እስከዛሬ አልወጣልኝም።

ሙሽራዋ አትጠገብ የአምበር ልጅ ናት። የሰርጉ ቀን ሾፌሩ እኔው ነበርሁ፤ አጃቢዎቻችንን አቧራ እያለበስን ደብረ ማርቆስ ደረስን። ከተማው አፍ ላይ የሙሽራው ወገን መንገዱን ሞልቶ ጠበቀን። ከዚያ ወዲያ ሙሽራ የጫነ መኪና ከጨፋሪው ኋላ በዘፈኑ ልክ እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ያንን ፍሪሲዮን የመረጥሁት። ዳገቱ ላይ መኪናዋ አንዴ ትዘላለች፣ አንዴ ቀጥ ትላለች። አትጠገብ ግንባሯ ከፊት ወንበር ጋር ተጋጨ። ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም። ከሙሽራው ደጃፍ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ቆመን ቀረን።

የደመላሽ እናት እትዬ ጥሩነሽ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡ። "ምን ሆነች አዲሱ?" አሉኝ።

አገር ቆሞ ያየኛል። ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል፣ የመረጥሁትም እኔ ነኝ ማለት ምን ነበረበት? ስሜ አሳሳኝ። "መኪናዋ ምንም የለባትም" አልሁ። "እኔም አልገባኝም።"

እትዬ ጥሩነሽ ዘወር ብለው ሙሽራዋን አዩዋት። "እንግዲያ የዚች ልጅ ክፉ ገድ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አትጠገብን አውርደው በእግሯ አስገቧት። ድግሱ ሲጋመስ ፍሪሲዮኑ በርዶ ነበርና ሞተሩን ሳስነሳው መኪናዋ ሄደች። ሰው ሁሉ አየ። ሙሽራዋ ስትወርድላት ተነሣች ተባለ። ለምን እንደተነሣች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እኔም ዝም አልሁ።

በዚያ ክረምት በረዶ ማሳቸውን መታው፤ በሷ ገድ ነው ተባለ። አማቷ ታመሙ፤ በሷ ገድ ነው ተባለ። ዓመት ሳይሞላ ወደ አምበር መለሷት። የእኔ ስም ግን ገነነ። አዲሱ የነካውን መኪና የሰው ገድ ካልሆነ ምንም አያቆመውም ይሉ ጀመር። እኔም ይህን ስሰማ ደረቴን እነፋ ነበር።

ኋላ ታናሽ እህቴ አምበር ተዳረች። እሷንም ይዣት የሄድሁ እኔ ነኝ። አትጠገብ ለእህቴ ባል ቤት ጎረቤት ኖራ ጠላ ስትቀዳ አየኋት። እህቴ ከመኪናው ልትወርድ ስትል ማሰሮውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ዞረች። ተከተልኋት። ፊቷን ወደ አጥሩ መልሳ ቆማለች።

"ምነው አትጠገብ?" አልኋት።

"ገዴ እህትህን እንዳይነካት ብዬ ነው፣ አያ አዲሱ። እሷ ትግባና እመጣለሁ" አለችኝ።

ያን ጊዜ እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ከሁለታችን በቀር የሚሰማ አልነበረም። ስሜን የሚያጎድፍብኝ እንኳ አልነበረም። እኔ ግን፣ "ደግ አደረግሽ" አልኋት።

ልጅነት ነው አልልም፤ ልጅ አልነበርሁም። ስህተት ነውም አልልም። እኔ መረጥሁ፣ እኔ ዋሸሁ፣ እኔ የራሴን ጥፋት የሷ ነው ብዬ አጸናሁባት። ዛሬም "የደመላሽን መኪና የሠራው እሱ ነው" ሲሉኝ ቀና ብዬ ነው የማልፈው። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ የእኔ አንገት ገና አልተደፋም። ስለዚህ አልጠይቅም። አትጠገብ አሁንም አምበር ናት። ሰርግ በደጇ ሲያልፍ በሯን ትዘጋለች ይሉኛል።